ጃንጥላ የተሳሉለት ቴሌቪዥን

ባለፈው ጥር ላሊበላ ሄጄ አንድ ሻይ ቤት በራፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ መብራት ጠፋ። ባለቤቷ እየተነጫነጨች ወደ ጓሮ ዞረችና ጄኔሬተሯን አስነሣች። እርጥብ ድንጋይ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ሸተተኝ። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ ቀኜ ዞር አልኩ፤ ለምን እንደዞርኩ ግን ወዲያው አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ያ ሽታ የቅዳሜ ምሽት ሽታ ነው፤ ቅዳሜ ምሽት ደግሞ እማማ አገሬ እንዝርታቸውን ይዘው በስተቀኜ መቀመጥ ነበረባቸው።

አሥር ዓመቴ ነበር። ዘመኑ ሰው ሁሉ ጓድ የሆነበት ዘመን ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ፣ የወፍጮ ቤቱ ኃላፊ ጓድ፣ ዳይሬክተራችንም ጓድ ነበሩ። አባየ የቀበሌው አዳራሽ ጥበቃ ስለነበር ጓድነቱ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲፈለግ «ጓድ ታደሰ»፣ ሲቆጡት «አንተ ታደሰ»።

ከዚያ ዓመት በፊት ከተማችን ውስጥ ዘፈን የሚሰማው ከአንድ ሻይ ቤት ቴፕ ነበር። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ባለቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። እኔና ጓደኛዬ ዘነቡ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ባትሪዎቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ካየን ዛሬ ዘፈን የለም ማለት ነው። ዘፋኞቹ ባትሪው ውስጥ ስለበረዳቸው ነው የሚሞቁት ብላ ያሳመነችኝ ዘነቡ ናት። ዘነቡ ያላወቀችው ነገር አልነበረም፤ ካላወቀችም ቶሎ ብላ ትፈጥረዋለች። እኔ ደግሞ አምኜ ባትሪዎቹ ላይ ጥላ እንዳይወድቅ ዞሬ ነበር የማልፈው።

ቴሌቪዥን ይመጣል መባል የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከአውራጃ ለቀበሌያችን ተመድቦ፣ ለአብዮት በዓል ይድረስ ተብሎ፣ ከጋሸና በጭነት መኪና ተነሣ። መኪናው ከከተማው በታች ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ሊቀመንበሩ አባየን ጠሩና «ጓድ ታደሰ፣ በሰው ጫንቃም ቢሆን ዛሬ አዳራሽ መግባት አለበት» አሉት። እኔና ዘነቡም ማንም ሳይልከን ተከትለን ወረድን።

ካርቶኑ ርሶ ተበጣጥሷል። አባየ ቴሌቪዥኑን ከውስጡ አወጣና ካፊያው እንዳይነካው ነጭ ኩታውን አውልቆ ሸፈነው፤ ከዚያ አናቱ ላይ አደረገው። ካፊያው ሲጠነክር ከአብዮት ጥበቃዎቹ አንዱ ከሾፌሩ ጃንጥላ ተውሶ ከኋላ ያዘለት። ከፊት የአንቴናውን ብረት የጫነች በቅሎ ትሄዳለች፤ በቅሎዋ አንገት ላይ ቃጭል አለ። አባየ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ ድምፁ ሲጎረምስ ነው ትቶ የወጣው። የከበረ ዕቃ አናቱ ላይ አድርጎ መሄድ የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ እርምጃውን ቆጥቦ፣ ማንንም ሳያናግር።

እንግዲህ ነጭ ኩታ፣ ጃንጥላ፣ ቃጭል፣ ከሥሩ ደግሞ ዓይኑን የሰበረ የቀድሞ ዲያቆን። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አቀበቱ ላይ አገኙን። የመጀመሪያዋ ሸክሟን አውርዳ ተንበረከከች። ሁለተኛዋ እልል አለች። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል። ከየቤቱ እየወጡ የመንገዱ ዳር ሞላ፤ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔና ዘነቡ አፋችንን በነጠላችን ይዘን ሳቃችንን አፈንን።

ከተንበረከኩት መካከል ጎረቤታችን እማማ አገሬ ነበሩ። ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ባልቴት ናቸው። ታቦት ሲያልፍ ሰው የልቡን ይሳላል፤ እሳቸውም ጭቃው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው ተሳሉ። «ልጄን፣ ሲሳይን፣ ዓይኑን አሳየኝ። ካሳየኸኝ ዘርፋም ጃንጥላ አገባለሁ።»

የአባየ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሸክሙ የከበደው ነበር የመሰለኝ። ኋላ ለእናቴ ሲነግራት እንደሰማሁት «ቴሌቪዥን ነው ልል አፌን ብከፍት አልከፈት አለኝ። እነሱ ወድቀው፣ እኔ ቆሜ፣ ምን ብየ ልናገር?» ነበር ያለው።

ሴቶቹ እልልታቸውን ሳያቋርጡ ተከተሉን። ቤተ ክርስቲያን እንገባለን ሲሉ ቀበሌ አዳራሽ ገባን። አባየ ኩታውን ሲገልጠው አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እማማ አገሬ ብቻ አልሳቁም። እጄን ፈልገው ያዙኝ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ቴሌቪዥን ነው እማማ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ሩቅ ያለ ሰው ያሳያል።»

«ወታደርም?»

«ወታደርማ ሁልጊዜ ነው አሉ።»

ቀና ብለው ወደሚስቁት ዞሩ። «ታዲያ ምን ያስቃችኋል? ሥራው ማሳየት ከሆነ፣ እኔም አሳየኝ ነው ያልኩት።»

ሲሳይ አንድ ልጃቸው ነው። ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኔ የማስታውሰው ፊቱን ሳይሆን ዋሽንቱን ነበር። ዋሽንቱ ተሰንጥቆ በጅማት የታሰረ ስለሆነ ሲነፋው በስንጥቁ ትንፋሽ ያፈስሳል። አዲስ ቁረጥ ሲሉት «ይሄኛው ለምዶኛል» ይላል። የመጨረሻ ደብዳቤውን ለእናቱ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። የክፍለ ጦሩ ኪነት ቡድን ውስጥ አስገብተውኛል፣ ዋሽንቴንም ወደውልኛል ይል ነበር። ያ ደብዳቤ የመጣው ክረምቱ ሳይገባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። ዝምታው ምን ሊሆን እንደሚችል ትልልቆቹ ይፈሩ ነበር። እኔ ግን ቴምብር ያለቀበት ነበር የሚመስለኝ።

ወሬው ከተማውን ለመዞር ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሊቀመንበሩ አባየን «አንተ ታደሰ፣ የአብዮቱን ቴሌቪዥን ታቦት አደረግኸው!» ብለው ጮኹበት። የእማማ አገሬ የነፍስ አባት ደግሞ ለዕቃ ተሳልሻል ብለው አርባ ስግደት አዘዙባቸው። እማማ አገሬ አርባውንም ሰገዱና በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አዳራሹ በር ላይ ተገኙ። ሊቀመንበሩ በለሰለሰ አንደበት ሊመልሷቸው ሞከሩ።

«እናቴ፣ ይህ እኮ የፋብሪካ ዕቃ ነው።»

«ይሁና ጓድ። የሰማኝ ሌላ ነው፤ የሚያሳየኝ እሱ ነው።»

ለዚህ መልስ በተሰጣቸው የውይይት መጽሔት ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም መሰለኝ፣ ከበሩ ዞር አሉላቸው። አባየ እማማን ክንዳቸውን ይዞ ከፊት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጣቸው። ቀጥሎም እኔን ከጓደኞቼ መካከል ጠርቶ በስተግራቸው አስቀመጠኝ። «ዓይን ሁኛቸው» አለኝ። ሲሳይን ፈልጊ ማለቱ ነው።

በዚህ ዓይነት ሥራ ተከፋፈልን። አባየ ጓሮ በር ላይ ያለውን የቤንዚን ጄኔሬተር ያስነሣል። የዘነቡ ሥራ አንቴና ነበር። አንቴናው ከአዳራሹ ውጭ፣ ከግድግዳው ጋር በታሰረ ረጅም እንጨት ላይ ቆሟል፤ ምስሉ ሲጠፋ እንጨቱን ታዞራለች። እሷ ከውጭ «አሁንስ?» ትላለች፣ እኛ ከውስጥ «ትንሽ ወደ ገደሉ! አይ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ!» እንላለን። ምስሉ ሲከፋ የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፤ ጤፍ እንለዋለን። «ጤፍ ዘነበ!» ከተባለ ዘነቡ የምታውቀውን ሁሉ ትሞክራለች። ቴሌቪዥኑን ከሁላችንም ያነሰ ያየችው እሷ ናት፤ ግን በሌለችበት አንድም ዘፈን አይወጣም ነበርና እንደ ሹም ትኮራለች።

እኔ በበኩሌ የማይገባኝ ብዙ ነበር። ዜና አንባቢው ፊት ለፊት ሲያየኝ እሱም የሚያየኝ ስለሚመስለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቴን ታጥቤ ነበር የምሄደው። አባየ አዳራሹን የሚጠብቀው ዘፋኞቹ በጓሮ በር እንዳያመልጡ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከኋላ ሆነው የዘፋኞቹን ፀጉር አበጣጠር ሲያሙ፣ ትከሻቸውን እየነቀነቁ ሲለማመዱ፣ እኔ ከፊት ተሰፍቼ ወታደር እቆጥራለሁ። ዘፈኑ አልፎ የጦሩ ዝግጅት ሲመጣ እማማ አገሬ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ይጠይቁኛል።

«አሁን ማነው ያለ?»

«ከበሮ የሚመታ።»

«ቁመቱ?»

«አጭር ነው።»

«እሱ አይደለም። ቀጥይ።»

እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሽር ያደርጉታል፣ ጥጡ እየሳሳ ይወርዳል፣ ብናኙ መስተዋቱ ላይ ያርፋል። ሊቀመንበሩ በብናኙ ይበሳጩ ነበር። የሚፈትሉት ለጃንጥላው ዘርፍ ነው። ሟቹ ባላቸው የተዉት አንድ ጥቁር ጃንጥላ ነበራቸው፤ ዙሪያውን በቀይና በቢጫ ዘርፍ ሊያስጌጡት ነው። ክሩን ቀለም ነክረው በገመድ ሲያሰጡት እኔን እየጠሩ «ቀዩ የትኛው ነው?» ይሉኛል። እኔ አሳያለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ ይሰፋሉ። ልጃቸው ሳይታይ ለምን እንደሚሰፉት ጠየቅኋቸው። «ቀኑ ሲደርስ ባዶ እጄን ልገኝ?» አሉኝ።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ እስካሁን የሚያሳፍረኝን ነገር አደረግሁ። ምስሉ ግማሹ ጤፍ ነበር። የወታደር ኪነት መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዳር አንድ ዋሽንት የያዘ ሰው ቆሟል።

«ዋሽንት የያዘ አለ» አልኩ።

እንዝርታቸው ቆመ። «እሱ ነው?»

ፊቱ አይታይም። እጃቸው ትከሻዬን ጨበጠው። «እሱ ነው» አልኩ። ግማሹ አዝኜላቸው ነው። ግማሹን ግን እውነቱን ልናገር፤ ስለታቸው ደርሶ እኔም እንደ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጬ ዘፋኝ ብቻ ማየት ስለናፈቀኝ ነው።

እማማ አገሬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዘፈኑ እስኪያልቅ አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ።

«አያፈስም» አሉ።

«ምኑ እማማ?»

«ዋሽንቱ። ይሄ ደህና ዋሽንት ነው።» እንዝርታቸውን መልሰው አነሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማብኝ ተጠንቅቀው ተናገሩኝ። «ሁለተኛ ሳታይ አየሁ እንዳትይኝ። እኔ አላይም፤ የምታይው አንች ነሽ። አንችም ከዋሸሽኝ ማን ቀረኝ?»

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በቤታቸው በኩል ላለማለፍ ዞሬ ውኃ ቀዳሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ራሳቸው በራችን ድረስ መጥተው «ተነሽ፣ ይመሻል» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ሳላርገበግብ ነበር የማየው።

ጥምቀት አለፈ። ጃንጥላው ተሰፍቶ አለቀ፤ ሲሳይ ግን አልታየም። እማማ አገሬ ጃንጥላውን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ይመጣሉ፣ ይዘው ይመለሳሉ። የካቲት ገብቶ ቅበላ ሲደርስ የቀረን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ ሁዳዴ ከገባ እማማ አገሬ ዘፈን አይሰሙም፣ ዘፈን ያለበት ቤትም አይገቡም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ማለት ነው። ያን ቅዳሜ ከቤት ሲወጡ ክንዴን አጥብቀው ይዘው ከእኔ ቀድመው ነው የተራመዱት።

የበልግ ዝናብ ያን ቀን ጀመረ። አብዛኛው ሰው ሥጋውን ለመሰናበት እቤቱ ቀርቷል፤ አዳራሹ ውስጥ ሃያ ብንሆን ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ መስተዋቱ ላይ ከጤፍ በቀር ምንም አልነበረም። ዘነቡ ዝናቡ ውስጥ ቆማ እንጨቱን ወደ ገደሉም፣ ወደ ወፍጮ ቤቱም አዞረችው። ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል እንጂ ምስል የለም። ሊቀመንበሩ ተነሡ።

«ጓድ ታደሰ፣ አጥፋው። ቤንዚን በከንቱ አናቃጥልም።»

«ጓድ፣ ድምፁ አለ» አሉ እማማ አገሬ። «ድምፁን ይተዉልኝ።»

«ምን ሊያዩ ነው እናቴ? አጥፋው ብያለሁ!»

አባየ ጄኔሬተሩ ያለበት የጓሮ በር ላይ ቆሟል። ውኃ ከባርኔጣው ይንጠባጠባል። አባየ ሰው ፊት እንቢ ሲል አይቼው አላውቅም ነበር።

«አላጠፋም ጓድ ሊቀመንበር» አለ።

«አንተ ታደሰ!»

«ያን ቀን አናቴ ላይ ተሸክሜ እያለፍኩ ዝም ያልኩት ይበቃኛል። ዝግጅቱ እስኪያልቅ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያርጉኝ።»

ሊቀመንበሩ አዩት። ሰዉን አዩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉ፤ ምናልባት እሳቸውም የዘመተ ዘመድ ነበራቸው፣ አላውቅም። የአስተዋዋቂው ድምፅ መጣ፤ ክፍለ ጦር የሚለውን ሰማን፣ የክፍለ ጦሩ ስም ግን ተቆረጠ። ክራር ተመታ፣ ከበሮ ገባ። ከዚያ ዋሽንት።

እማማ አገሬ ብድግ አሉ። እንዝርቱ ከጭናቸው ወርዶ እየተንከባለለ እግሬ ሥር ቆመ። ዋሽንቱ ቀጭን ነው፤ ከሥሩ በስንጥቅ እንደሚወጣ ትንፋሽ ሽ የሚል ነገር አለው።

«አየሽ?» አሉኝ።

ዓይኔን እስኪያመኝ አፈጠጥሁ። ትንሽ ጥላ እንኳ ብፈልግ አጣሁ። አዎ ለማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጤፍ ብቻ ነው እማማ። ምንም አላይም።»

«ደግ ነው። እውነቱን ነገርሽኝ» አሉ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ነው፤ ፊታቸው ግን ይስቃል። «እኔ አየሁት። ይኸው፣ እስትንፋሱ።»

ያ ሽ የሚለው የተሰነጠቀው ዋሽንት ይሁን የቴሌቪዥኑ የራሱ ጫጫታ ያኔም እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ዛሬም አይደለሁም። አላየሁም ማለት የእኔ ድርሻ ነበር፤ አልሰማሁም ለማለት ግን ከእሳቸው ጆሮ በላይ ማን ነኝ? ሊቀመንበሩ እንኳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር።

ዋሽንቱ ሲያበቃ እማማ አገሬ ጋቢያቸውን ገልጠው ጃንጥላውን አወጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚዘረጉት ነበር የመሰለን።

«ውጭ እንጨቱን የያዘው ማነው?» አሉ።

«ዘነቡ ናት።»

«በዚህ ዝናብ? ምሪኝ።»

ይዣቸው ወጣሁ። ዘነቡ እንጨቱን በሁለት እጇ አቅፋ ትንቀጠቀጣለች፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ውስጥ የሆነውን ምንም አታውቅም። እማማ አገሬ ያን ሁሉ ወር የሰፉትን ዘርፋም ጃንጥላ ከፍተው ከአናቷ በላይ ያዙላት። ቀዩና ቢጫው ዘርፍ በዝናቡ ከበደ።

«አሁንስ?» ብላ ጮኸች ዘነቡ። «መጣ?»

«መጥቷል» አሏት። «አትነቅንቂው።»

በማግሥቱ እሑድ ጃንጥላው ቤተ ክርስቲያን ገባ። የእማማ አገሬ የነፍስ አባት እርጥብ መሆኑን አይተው ሊጠይቁ ብለው ተዉት። የተሸከመው አባየ ነበር፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ እርምጃውን ቆጥቦ። በዚህኛው ጊዜ እልል ሲሉ ከንፈሩ አልተንቀጠቀጠም። አዳራሹ ውስጥ እንቢ በማለቱ የሁለት ሳምንት ተጨማሪ የሌሊት ጥበቃ ተፈርዶበት ነበር፤ ቤት ሲመጣ ግን ያፏጭ ነበር።

ስንመለስ እማማ አገሬን ክንዳቸውን ይዤ አቀበቱን ወጣን። ስለታቸው ደርሶልኝ ከልጆቹ ጋር ከኋላ መቀመጥ የምመኘው ነገር ነበር። አሁን ሲደርስ ግን ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ስለትዎ ደረሰ እማማ» አልኩ። «ከእንግዲህ ቅዳሜ አይመጡም አይደል?»

ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ማየቱ ደረሰ፣ የኔ ልጅ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሲሳይን መምጣት ነው የምጠይቀው። ቦታየን ያዥልኝ።»

ፋሲካ ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ አባየ ጄኔሬተሩን ሳያስነሣ አዳራሽ ደረስኩ። ከፊት ተቀምጬ በስተቀኜ ያለውን ቦታ በነጠላዬ ያዝኩላቸው።